ወልደየሱስ ክራሩን ይዞ ስብሰባ ገባ

ወልደየሱስ በሰው አገር ይኖራል፤ በሥራ ቀን ዌርሃውስ (መጋዘን) ውስጥ ዕቃ ይጭናል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ በእትዬ እናናዬ ምግብ ቤት ክራር እየደረደረ ይዘፍናል። አንድ ቅዳሜ የከተማው ተቆጣጣሪ መጣና አስቆመው።

«በስፒከር ሙዚቃ መክፈት ትችላላችሁ፤ ሰው እንዲዘፍን ግን ፈቃድ ያስፈልጋል» አለ።

እትዬ እናናዬ ፈቃድ ቢጠይቁ፣ ዘፋኝ ካለ ብዙ መኪና ይመጣል፣ ፓርኪንጋችሁ ደግሞ ጠባብ ነው ተብለው ተከለከሉ። ይግባኝ አሉ፤ ይግባኙ ወደሚታይበት የከተማው ስብሰባ ወልደየሱስ አብሯቸው ሄደ። የመናገር ተራው ሲደርስ ክራሩን አውጥቶ መዝፈን ጀመረ።

ሰብሳቢዋ ደንግጠው «ጌታዬ፣ ይህ የንግግር ሰዓት ነው» አሉት።

«ንግግሬ ይኼው ነው» አለና ቀጠለ። የፓርኪንጉንም ነገር በግጥም አስገባው። እትዬ እናናዬ በሳቅ እያጨበጨቡ ተቀበሉት፤ አማርኛ የማይሰማውም ሰው አብሮ አጨበጨበ።

ፈቃዱ ግን አሁንም ተከለከለ። ሲወጡ ወልደየሱስ «እንግዲህ ምን ይሻላል?» አላቸው።

«ቅዳሜ ቀደም ብለህ ና» አሉት።

ቅዳሜ ዕለት ወሬውን የሰማው ሁሉ መጥቶ መቀመጫ ጠፋ። ተቆጣጣሪው በበሩ ሲገባ ወልደየሱስ ዘፈኑን አላቋረጠም። እትዬ እናናዬ የራሳቸውን ወንበር ስበው ለተቆጣጣሪው ሰጡት።

«ተቀመጥ» አሉት። «ቅጣቱን ዘፈኑ ሲያልቅ ትጽፋለህ።»