የማሽላ ጠባቂው መቅኔ

ጆሃንስበርግ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል ላቦራቶሪ ደምና መቅኔ እየመረመርኩ በሽታ የምለይ ሐኪም ነኝ። ታማሚዎቼን ብዙውን ጊዜ በአካል አላያቸውም። ወደ እኔ የሚመጣው በስስ መስታወት ላይ ተቀብቶ ቀለም የጠጣ ጠብታቸው ነው። ይህን ሰው ግን ፊት ለፊት አግኝቼዋለሁ፤ እስካሁንም ድምፁ ጆሮዬ ላይ አለ።

የሰኔ ብርድ በጠናበት ጠዋት ነው ናሙናው የደረሰኝ። የናሙናው ባለቤት ከከተማው ወጣ ባለችው ቴምቢሳ ውስጥ ታላቅ ወንድሙ በከፈተው ስፓዛ፣ ማለት ትንሽ የሰፈር ሱቅ፣ የሚሸጥ ወጣት ኢትዮጵያዊ ነበር። ትኩሳቱ ወራት አልፎታል። ሰውነቱ መንምኖ ሆዱ ብቻ ወደ ፊት ገፍቷል፤ ጣፊያው አብጦ እምብርቱን አልፎ ወርዷል። የደም ሴሎቹ ቀዩም ነጩም በአንድነት ቀንሰዋል። በዚህ ከተማ ትኩሳት የሰነበተበት ሰው መጀመሪያ የሚጠረጠረው በሳንባ ነቀርሳ ስለሆነ የነቀርሳ መድኃኒት ጀምረውለት ነበር፤ ምንም ለውጥ አላመጣለትም። ኤች አይ ቪ የለበትም፤ ወባም አልተገኘበትም። የተኛበት ዋርድ ሐኪሞች የደም ካንሰር ሳይሆን አይቀርም ብለው ከዳሌ አጥንቱ መቅኔ ቀድተው ላኩልን።

ማይክሮስኮፑ ላይ አድርጌ የካንሰር ሴል ፈለግሁ። የለም። ይልቁንም የሰውነትን ቆሻሻ የሚጠርጉት ትልልቅ ሴሎች ውስጣቸው በጥቃቅን ነጥቦች ታጭቋል። አጠገቤ የምትሠራውን ደቡብ አፍሪካዊት ሐኪም ጠራኋት፤ ሥራውን ያስተማረችኝ እሷ ናት።

ጎንበስ ብላ አየችና፣ «ፈንገስ ነው» አለች። «እዚህ በብዛት የምናገኘው እሱን ነው።»

«የሰውነት መከላከያው ያልተዳከመ፣ ኤች አይ ቪ የሌለበት ሰው ላይ?»

«አልፎ አልፎ ያጋጥማል።»

«እስቲ ይህችን እያት። ከክቧ ነጥብ ጎን አጭር ሰረዝ የለችም?»

መነጽሯን አውልቃ እንደገና ጎነበሰች። የማይክሮስኮፑን ማስተካከያ ወዲያ ወዲህ አዞረች። «አለች» አለች በመጨረሻ። «ፈንገስ ደግሞ ይህች ሰረዝ የለችውም። እናንተ አገር ይህ በሽታ አለ?»

«ካላዛር ነው። አለ፤ ግን በአንዳንድ ቆላ ብቻ ነው። ሰውየው የት እንደኖረ ካላወቅን ደፍሬ አልጽፍም።»

«እንግዲያው ምን ትጠብቂያለሽ? ወደ ዋርዱ ውጪና ጠይቂው፤ ቋንቋው ያለሽ አንቺ ነሽ።»

ዋርድ ውስጥ ነርሶቹ ልክ እንደ ቴምቢሳ ደንበኞቹ በስሙ ፋንታ «ማይ ፍሬንድ»፣ ወዳጄ፣ ነበር የሚሉት። ወንድሙ ሱቁን ዘግቶ መጥቶ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። ሁለቱም የኮንሶ ሰዎች ናቸው፤ አማርኛን ከአፍ መፍቻቸው ቀጥለው ስለተማሩት ቃል እየመረጡ ይናገራሉ።

«ወደዚህ ከመምጣትህ በፊት የት ነበርክ?» አልኩት።

ወንድሙን አየ። ወንድሙ ፈጠን ብሎ፣ «በሞያሌ በኩል ነው የመጣው፣ እህቴ። የመኖሪያ ወረቀቱ ደግሞ በሂደት ላይ ነው» አለኝ።

«ወረቀት የምጠይቅ ሰው አይደለሁም። የላቦራቶሪ ሐኪም ነኝ። የነከሰውን ነገር ነው የምፈልገው።»

ታማሚው በደረቀ ከንፈሩ ሳቀ። «ያልነከሰኝ ምን አለ ብለው ነው፣ ዶክተር?»

ከዚያ በኋላ አንደበቱ ተፈታልኝ። ከአገር ከመውጣቱ በፊት ከኮንሶ በታች ባለው የሰገን ሸለቆ ቆላ የእህቱን ባል ማሽላ ሲጠብቅ ነበር የከረመው። ቀን ወፍ፣ ማታ ከርከሮ።

«ማታ የት ትተኛ ነበር?»

«ውጪ ነው። ኩይሳው ሥር። ነፋስ ይከልላል።»

«ትንኝ ነበር?»

«ትንኝስ ይጮሃል። ይሄ ከትንኝ ያነሰ ነው፤ ድምፅም የለው። ሲነክስዎት ነው የሚያውቁት።»

ካላዛርን የምታስተላልፈው፣ እኔም የምፈልጋት የአሸዋ ዝንብ የምትደበቀው እዚያው በኩይሳው ስንጥቅ ውስጥ ነው። ሆዱ እንዲህ ያበጠ ሌላ ሰው አይቶ እንደሆነ ጠየቅሁት። ዓይኑን ወደ ጣሪያው አነሳ።

«የእህቴ ባል ወንድም» አለ። «ጣፊያ ነው ብለው ሆዱን በእሳት ተኮሱት። ሞተ።»

ታላቅ ወንድሙ ይህን አልሰማም ነበር መሰል፣ በራሳቸው ቋንቋ አንድ ነገር ጠየቀው። እሱም መለሰለት።

ወደ ላቦራቶሪው ስመለስ ደረጃውን የወረድኩት እየሮጥኩ ነው። የቀረውን ናሙና የተሕዋሲውን ዘረመል ወደሚለይ ሌላ ላቦራቶሪ ላክን፤ መልሱ ከእኛ ጋር ተስማማ። የነቀርሳው መድኃኒት ቆመ፤ ካንሰር የሚለው ቃልም ከአልጋው አጠገብ ጠፋ። ትክክለኛው መድኃኒት ተፈልጎ መጣና በደም ሥሩ ይንጠባጠብለት ጀመር። ብዙም ሳይቆይ የዋርዱ ሐኪም ደውሎ፣ «ትኩሳቱ ለቀቀው፤ ምግብ አነሰኝ እያለ ነርሶቹን እያስቸገረ ነው» አለኝ።

ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ከወንድሙ ጋር ሊያመሰግነኝ መጣ። ሊገድለው የነበረውን ነገር ማየት እንደሚፈልግ ነገረኝ። ማይክሮስኮፑ ፊት ወንበሬ ላይ አስቀመጥኩት። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ብዙ ጊዜ አየ።

«ይቺው ናት?» አለ። «እኔ እኮ አንድ ትልቅ ነገር መስሎኝ ነበር።»

ከዚያ ስልኩን አወጣና እህቱ ጋ ደወለ። እሷም ከመከር ወዲህ ያተኩሳታል፤ ይህን የነገረችው እሱ ከሆስፒታል በወጣ ሰሞን ነው። እኔ በአማርኛ እናገራለሁ፣ እሱ በኮንሶኛ ይተረጉምላታል። ዛሬ ነገ ሳትል አርባ ምንጭ እንድትሄድ፣ እዚያ ካላዛርን የሚያውቁ ሐኪሞች እንዳሉ፣ ማንም ሆዷን በእሳት እንዳይነካ ነገርኳት። ባሏ ስልኩን ተቀበለና ሁሉንም ከመጀመሪያው አስደገመኝ። ሆዱን የተተኮሰውን ወንድሙን የቀበረው እሱ ነው። በማግስቱ አርባ ምንጭ ይዟት ሄደ።

ካላዛር ተገኘባት። ሳትዳከም ስለደረሰች ሕክምናው አላስቸገራትም፤ ድና ቤቷ ገባች። ይህን የነገረኝ ታላቅ ወንድማቸው ነው፣ ከስፓዛው ስልክ ደውሎ፤ ከበስተኋላው ደንበኞች ዳቦ እያሉ ሲጣሩ ይሰማኝ ነበር።