ዝንቧ ያስመረጠችኝ ትምህርት

የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሳለሁ፣ ከሴሚስተር እረፍቱ በፊት፣ ስለ ትምህርት ክፍል ምርጫ የሚያስረዱ አንድ መምህር አዳራሽ ሰበሰቡን። የክፍሎቹን ስም አንብበው ሲያበቁ «ጥያቄ ያለው?» አሉ። እጄን አወጣሁ።

«ኤኒሜሽን የትኛው ክፍል ውስጥ ነው?»

አዳራሹ ሳቀ። መምህሩ ግን አልሳቁም። መነጽራቸውን ወልውለው ወረቀቱን ደግመው አዩና «በዚህ ስም የሚጠራ ክፍል የለንም፣ ልጄ። ኮምፒውተር ሳይንስ ግቢና እዚያ ፈልጊው፤ ወይም ሥነ ጥበብ ብትገቢም ታገኚው ይሆናል» አሉኝ። ይህንን «ይሆናል» ይዤ ለእረፍት ወደ መካነ ኢየሱስ፣ ወደ ቤተሰቦቼ ተሳፈርኩ።

ሥዕል ማንቀሳቀስ የጀመርኩት አስራ አንደኛ ክፍል ሆኜ፣ በእናቴ ስልክ ነው። በጣቴ አንድ ዶሮ እስላለሁ፤ ቀጥዬ ያንኑ ዶሮ እግሩን ትንሽ ፈቀቅ አድርጌ እስለዋለሁ፤ እንዲህ እያልኩ ስደረድረው ዶሮው ይራመዳል። የመጀመሪያው ዶሮዬ ያነክስ ነበር። ቢሆንም ሲራመድ ሳየው ብቻዬን እልልታዬን አቀለጥኩት። እናቴ በራችን ላይ ካለችው ትንሽ ሱቋ ሮጣ ገባች።

«ምን ተገኘ?»

«ዶሮው ሄደ!»

«የት ሄደ? በሩን ማን ከፈተው?» ብላ ወደ ጓሮ በረረች።

አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ በደብሩ ቅኔ ያስተምራሉ። በእረፍቱ የመጀመሪያ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ ምሳ በልተን እንደተቀመጥን፣ ነገሩን አነሳሁት።

«እሱ የምትዪው ትምህርት ምን የሚያደርግ ነው?» አሉኝ።

«ሥዕልን ማንቀሳቀስ ነው፣ አባዬ።»

«ሥዕል እኮ ቆሞ ነው የሚያምረው። ምን በደለሽና ታስሮጪዋለሽ?»

እናቴ ሳቀች። አባቴ ግን የቅኔ ተማሪያቸውን እንደሚፈትኑ ሁሉ ተመቻችተው ተቀመጡና «እሺ፣ ሰሙ ሥዕሉ ይሁን። ወርቁስ ምንድን ነው?» አሉ። ዶሮው ሲራመድ ደስ እንደሚለኝ አውቃለሁ፤ ለምን ደስ እንደሚለኝ ግን ራሴን ጠይቄው አላውቅም ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ለሁለት ተከፈለ። እናቴ የኮምፒውተር ወገን ሆነች። «የጎረቤታችን ልጅ ኮምፒውተር ተምራ ይኸው ባንክ ገብታለች። ወንበሯ ይሽከረከራል!» ትላለች። አባቴ ደግሞ «ሥዕል የሚያውቅ እጅ ሥዕል ይማር» ባይ ሆኑ። እኔ ጠዋት ከእናቴ፣ ማታ ከአባቴ ጋር እየተስማማሁ ሰነበትኩ። ጠብ ግን አልነበረበትም። እንዲያውም ሱቅ የሚመጣ ገበያተኛ ሁሉ እየተጠየቀ ይፈርድ ጀመር፤ ሳሙና ሊገዛ የገባ ሰው የኮምፒውተር ደጋፊ ሆኖ ይወጣል።

ክርክሩ ሳይበርድ አክስቴ ደወለች። አክስቴ የእናቴ ታናሽ እህት ናት፤ በስማዳ፣ ከወገዳ ከተማ ወጣ ባለ ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሆና ትሠራለች። «ያቺን ሥዕል የምታስኬድ ልጅሽን ላኪልኝ፤ ችግር ላይ ነኝ» አለቻት እናቴን። በማግስቱ አንድ አይሱዙ ጋቢና ውስጥ ቦታ አገኘሁ። መንገዱ ጉድጓዱ ብዙ ነው፤ ሾፌሩ ማርሽ ሲቀይር ክርኑ ጉልበቴን፣ እኔ ስነጥር ትከሻዬ ክንዱን እየመታ ይቅርታ ስንባባል ዋልን። ጊዜው ጥር ነበርና ግራና ቀኝ አውድማው ላይ በሬ ይዞራል፤ ምርት የሚያዘራው ሰው ላይዳውን ባነሳ ቁጥር ገለባው እየበነነ መስታወታችን ላይ ያርፋል።

አክስቴ እንደደረስኩ ወደ ጤና ኬላው ወሰደችኝ። ግድግዳው ላይ አንድ የቀላ ትልቅ ዓይን ያለበት ፖስተር ተለጥፏል።

«ይኸውልሽ ችግሬ» አለችኝ። «ስለ ትራኮማ ነው። እናቶቹ ይህን ሲያዩ ፊታቸውን ያዞራሉ። የልጆቻችሁን ፊት እጠቡ፣ ዝንብ አታሳርፉባቸው እያልኩ አፌ ደረቀ። እሺ ይሉኛል። እሺ ብቻ! አንቺ አንድ የምትንቀሳቀስ ዝንብ ሥሪልኝ።»

ሠራሁላት። ያለኝን ችሎታ ሁሉ አፈሰስኩበት። የክንፏ መረብ፣ የእግሯ ፀጉር ሳይቀር ይታያል፤ በረራዋም እንደ እውነተኛ ዝንብ ነበር። ለክትባት ለመጡ እናቶች በስልኬ አሳየኋቸው። አንዷ ስልኩን ተቀብላ አየችና «ዝንብ ናት» ብላ ለጎረቤቷ አሳለፈችላት። ጎረቤቷም «አዎ፣ ዝንብ ናት» አለች። ስልኩ ዞሮ እጄ ገባ። በቃ።

በዚያው ሳምንት አክስቴ ሰርግ ተጠርታ አብሬያት ሄድኩ። ዳሱ ውስጥ ጥግ ይዘን ተቀምጠን ሳለ አንዲት ወይዘሮ ገባች። አክስቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ማንም አልጠራትም፤ ማንም አያስወጣትም» አለችኝ። ሴትዮዋ ደጃፉ ላይ ቆማ መዳፏን በመዳፏ አሸት አሸት አደረገች። ግራ አየች፣ ቀኝ አየች። አንዱን አግዳሚ በእጇ ዳሰስ አድርጋ ናቀችው። ሌላው ላይ ቁጢጥ አለች፤ ተነሳች። በመጨረሻ ከሥጋው አጠገብ ያለውን ቦታ መርጣ፣ ነጠላዋን በሁለት በኩል ዘርግታ ተደላደለች። ትንሽ ቆይታ ወደ በሩ በጣቷ ጠቀሰች፤ ሁለት ዘመዶቿ ተከትለው ገቡ።

ከመቀመጫዬ ብድግ አልኩ። «እታለም፣ ዝንቧ ያቻትና!»

«ዝም በይ፣ ትሰማሻለች!» አለችኝ አክስቴ፤ እሷ ግን ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን ነጠላዋ ውስጥ ቀብራ ነበር።

ቤት ስንመለስ የአክስቴን ነጠላ ክንፍ አድርጌ መስታወት ፊት ቆምኩ። መዳፌን አሸሁ፤ ግራና ቀኝ አየሁ፤ አልጋውን ዳሰስኩና ናቅሁት። አክስቴ ውኃ ልትቀዳ ወጥታ ኖሮ ስትመለስ ወንበር ላይ ቁጢጥ ብዬ አገኘችኝ። ጀሪካኑን አስቀምጣ እስኪበቃት ሳቀች። ሳቋ ሲያባራ «እኔስ ምን ልሁን?» አለችኝ። የተኛ ሕፃን አደረግኳት። ዓይኗ አጠገብ ላርፍ ስጠጋ በጥፊ አባረረችኝ፤ እንደገና መጣሁ። እንዲህ እየተጫወትን ያየሁትን እየተቀመጥኩ እስላለሁ፤ ሲጠፋብኝ ተነስቼ እንደገና ዝንብ እሆናለሁ። አዲሲቷ ዝንብ የክንፍ መረብ የላትም። ሁለት ክብና ጥቂት ጭረት ናት። መዳፏን ስታሽ ግን ማን እንደሆነች ያስታውቃል።

በሚካኤል ዕለት፣ ሰዉ ከእርሻ ሥራ በሚያርፍበት ቀን፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እናቶቹ ከነልጆቻቸው ጤና ኬላው ውስጥ ተሰበሰቡ። የአክስቴን ቴሌቪዥን በብርድ ልብስ ጠቅልለን በጋሪ አመጣነው፤ መስኮቱን በጋቢ ጋረድነው።

ዝንቧ ደጃፉ ላይ ቆማ መዳፏን እንዳሸች ከኋላ አንዲት ሴት ሳቋ አመለጣት። ዝንቧ ሞሰቡን ዳስሳ ስትንቀው ሳቁ ጨመረ። የተኛውን ሕፃን አይናር አይታ፣ ክንፏን ዘርግታ ዓይኑ ጥግ ላይ ስትደላደልና ዘመዶቿን ስትጠቅስ ጤና ኬላው ተናወጠ። ፊት ያሉ አንዲት አሮጊት በትራቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ ቀስረው «ውጪ አንቺ! ማን ጠራሽ?» ብለው ጮኹ። በመጨረሻ የሕፃኑ እናት ፊቱን አጠበችው። ዝንቧም ተመልሳ መጥታ የምትበላው ስታጣ፣ ድግሱ ካለቀ በኋላ እንደደረሰ ሰው አፍራ፣ ክንፏን አስተካክላ ወጣች።

«ድገሚው!» አሉ። ደገምኩት። አሁንም ድገሚው አሉ። በመካከሉ አንዲት ወጣት እናት ልጇን ብድግ አድርጋ በሩ አጠገብ ወዳለው ውኃ ወሰደችና ፊቱን አጠበችው። ማንም አላዘዛትም። ሌላዋ ተከተለች። አክስቴ የሥራ ካፖርቷን እንደለበሰች መሬት ላይ ቁጭ ብላ ስታያቸው፣ የምትስቅ ይሁን የምታለቅስ አልለይ አለኝ።

አሮጊቷ ሲወጡ ቆም ብለው «ለመሆኑ ዝንቧን የተጫወተቻት ማን ናት?» ብለው ጠየቁኝ።

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«ይበልሽ!» አሉና ትከሻዬን መታ መታ አድርገውኝ ሄዱ።

ማን ሳላት ብለው አልጠየቁኝም። በየትኛው ማሽን ተሠራች የሚልም አልነበረም። ያን ቀን ከሰዓት ከዩኒቨርሲቲ የተሰጠንን የትምህርት ክፍሎች ዝርዝር ስልኬ ላይ ከፍቼ አየሁ፤ አዳራሹ ውስጥ ሲነበብ ልብ ያላልኩት «ቴአትር ጥበባት» የሚል ስም እዚያው ነበር።

ቢሆንም ብቻዬን ልወስን ፈራሁ። አዲስ አበባ ውስጥ በኤኒሜሽን ለሚተዳደር፣ ትምህርቶቹን በቴሌግራም እከታተልለት ለነበረ ባለሙያ ጻፍኩለት፤ ሁለቱን ዝንቦችም አያይዤ ላክሁለት። ኔትወርክ ሲመጣ መልሱ በድምፅ ደረሰኝ። «የመጀመሪያዋ ዝንብ ታምራለች፤ ሁለተኛዋ ግን ነፍስ አላት» አለ። «ሶፍትዌሩን እስካሁን እንዳደረግሽው ከቪዲዮ ትማሪዋለሽ፤ እሱ ደግሞ በየጊዜው ይቀያየራል። ሥዕልሽ ገና ነው፤ በየቀኑ ስትለማመጂ ይጠነክራል። ትወና ግን በር ዘግተሽ የምትጨርሺው አይደለም፤ መምህር ይፈልጋል፣ ጓደኛ ይፈልጋል፣ ተመልካች ይፈልጋል። አንድ ነገር ግን ልንገርሽ፤ ኮምፒውተር የተማረ ቶሎ ሥራ ይይዛል። አንቺ ትንሽ ትለፊያለሽ። ይህን አውቀሽ ግቢ።» ሦስት ጊዜ ሰማሁት። የመጨረሻው ቃሉም አላስፈራኝም።

ቤት ስመለስ እናትና አባቴ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። «ቴአትር ነው የምማረው» አልኩ።

የትኛውም ወገን አላሸነፈም። ቀድማ የተናገረችው እናቴ ናት።

«እኔ ኮምፒውተር ስል፣ አባትሽ ሥዕል ሲሉ፣ ይህን ደግሞ ከየት አመጣሽው?»

«እስቲ የሠራሽውን አሳዪኝ» አሉ አባቴ።

ስልኩን ከዓይናቸው አርቀው ይዘው፣ ቅንድባቸውን ቋጥረው ማየት ጀመሩ። ዝንቧ መዳፏን ስታሽ ቅንድባቸው ተፈታ። ዘመዶቿን ስትጠቅስ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሲስቁ ጥምጥማቸው ወደ ጎን ዘመመ።

«ይህችን ሴትዮ አውቃታለሁ! ያቺ የታችኛው ሰፈሯ ናት!»

«የለም፣ የለም» አለች እናቴ በትከሻቸው በኩል እያየች፤ «የላይኛው ሰፈሯ ናት። አቀማመጧን አያዩም?»

ሁለቱም ያቺን የስማዳዋን ወይዘሮ አይተዋት አያውቁም። ሲከራከሩ አዳመጥኳቸው፤ እንዲህ ደስ ብሎኝ የሰማሁት ክርክር የለም። በመጨረሻ አባቴ ስልኩን መለሱልኝና «በይ ገባኝ። ወርቁ ሰው ነዋ!» አሉ። እናቴ በየክረምቱ የኮምፒውተር ኮርስ እንድወስድ ቃል አስገብታኝ ተስማማች፤ ቃሌን እስከ ዛሬ ጠብቄያለሁ።

የቴአትር ክፍሉ መግቢያ ፈተና አለው። «የፈለግሽውን አሳዪን» ሲሉኝ ዝንብ ሆንኩ። ከፈታኞቹ አንዷ፣ ወደ ጠረጴዛው ስጠጋ፣ ሳይታወቃቸው ምሳቸውን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ። ያን ጊዜ እንዳለፍኩ አወቅሁ።

በመጀመሪያው የትወና ክፍለ ጊዜ መምህራችን ጫማ አስወልቀው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሲያመላልሱን ዋሉ፤ እንደ ደከመው ሰው፣ እንደ ፈራ ሰው፣ ፍቅር እንደያዘው ሰው። ከክፍል ስወጣ አባቴ ደወሉ።

«ደህና ዋልሽ? ዛሬ ምን ተማርሽ?»

«መራመድ፣ አባዬ።»

አባቴ ስልኩን ከአፋቸው ሳያርቁ እናቴን ተጣሩ፤ «አንቺ! ልጅሽን መራመድ ሳናስተምራት ነው የላክናት!» ከሱቁ በኩል የእናቴ ሳቅ ተሰማኝ፤ እኔም ግቢው መካከል ቆሜ፣ ጫማዬን በእጄ እንደያዝኩ፣ አብሬያቸው ሳቅሁ።