መንጋጋዬን ያሰበረኝ ነጥብ

ዛሬ ስብሰባ ላይ ጠረጴዛውን በቡጢ መታሁት። አዲሷ ፕሮግራመራችን ሰላም ደንግጣ ከወንበሯ ተነሳች።

ጥፋቷ ዳታቤዙ ላይ የሊትር መጠን የሚቀመጥበትን ዓምድ «ፍሎት» ማድረጓ ብቻ ነበር። ፍሎት ከነጥብ በኋላ ያለውን ቁጥር በግምት ነው የሚይዘው። «ጋሼ፣ ልዩነቱ እኮ ኢምንት ነው» አለችኝ።

በደርግ ጊዜ አሰብ ውስጥ አንድ የነዳጅ ማከማቻ ኮምፒውተር ላይ እሠራ ነበር። ያም ማሽን ሊትሩን በግምት ይይዝ ስለነበር ኢምንቱ ልዩነት ወር በወር ተጠራቅሞ ከጋኑ ናፍጣ የተሰረቀ አስመሰለ።

የመሥሪያ ቤቱ ካድሬ «ለወንበዴ ነው የሰጠኸው» ብሎ በሽጉጡ እጀታ መንጋጋዬን ሰበረው። ወድቄም ጎኔን ይረግጠኝ ነበር።

ባልደረባዬ ተክሌ ሊያስረዳው ሞከረ። ማሽኑን አንድ አስረኛን አስር ጊዜ አስደመረና «ጓድ፣ ይኸው፣ አንድ አልሞላም ይላል» አለው። ካድሬው የተሾፈበት መስሎት በወንበር ፊቱን መታው። ሁለታችንንም አስሮ አሳደረን።

በማግስቱ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የመጡ ኃላፊ የፓምፖቹን ንባብ በእጅ አስደመሩ። ከጋኑ ከጎደለው ጋር ልክ ገጠመ።

ለቀቁን። ይቅርታ ያለን ሰው የለም። የተክሌ አንድ ዓይን ግን ጠፍቶ ቀረ።

ሰላም ይህን ከሰማች በኋላ ዓምዱን ቁጥሩን ሳይገምት በትክክል ወደሚይዘው «ዴሲማል» ቀየረችው። እኔም ስላስደነገጥኳት ይቅርታ ጠየቅኋት። ጠረጴዛውን አልጠየቅኩትም፤ እጄ አሁንም ያመኛል።

እናንተስ፣ ማሽን ታምኖ እናንተ ያልታመናችሁበት ቀን ነበር? እስኪ ንገሩኝ።