አደራ ሳንይዝ ወደ መጫወቻው

በ1999 ዓ.ም. ስልሳ አንድ ዓመቴ ነበር። ያን ጊዜ ጉልበቴ ገና አልከዳኝም፤ ቱሊ ጉሌድና አውበሬ እየሄድኩ ቢርካ እሠራ ነበር። ቢርካ የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት፣ በድንጋይና በሲሚንቶ የሚገነባ ጉድጓድ ነው። የተማርኩት መሠረተ ትምህርት ብቻ ነው፤ ግን እኔ የሠራሁት ቢርካ ውሃ አያፈስም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው።

ቤታችን ጅግጅጋ ነው። ልጄ ከሚስቱ ጋር ጅቡቲ ድንበር ላይ ደወሌ ነበር፤ እዚያ ጭነት ሥራ ላይ ስለሆነ ሦስት ልጆቹን እኔና ባለቤቴ ነበርን የምናሳድጋቸው። ትልቋ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከእሷ በታች መንታ ወንዶች አሉ፣ ስድስት ዓመታቸው። የምነግራችሁ ነገር ሁሉ መነሻ ትልቋ ናት።

አዲስ አበባ ውስጥ ትልቅ የልጆች መጫወቻ ቦታ አለ። ጎረቤት ቤት ቴሌቪዥን ላይ አይተውታል። ሰው ወንበር ላይ አስቀምጦ ወደ ሰማይ የሚያወጣ ግዙፍ ነገር አለ፣ ልጆቹ ጎማው ይሉታል። ሆን ብለው የሚያጋጯቸው ትንንሽ መኪኖች አሉ። አየር ላይ የሚወዛወዝ ጀልባም አለ። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት እኔ አውበሬ ሥራ ላይ ሆኜ ባለቤቴ ሦስቱን ይዛ ወደዚያ ተነስታ ነበር። የደረሱት ግን መውጫው ላይ ያለው የጉምሩክ ኬላ ድረስ ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። በእኛ ከተማ አንድ ሰው አዲስ አበባ ሊሄድ ነው ከተባለ ሰፈሩ በሙሉ አደራ ይዞ ይመጣል። ይቺን ብርድ ልብስ ለልጄ፣ ይቺን ሽቶ ለአክስቴ፣ ይቺን ጃኬት ለወንድሜ። እምቢ ማለት ነውር ነው። ባለቤቴም ከሁሉም ተቀበለች። ኬላው ላይ ፈታሾቹ ሻንጣውን አወረዱና "ይሄ ሁሉ ብርድ ልብስ የማን ነው?" አሏት። እውነቱን ነገረቻቸው፣ አላመኗትም፤ ኮንትሮባንድ ነው አሉ። እኔም ብሆን አላምናትም፤ አሥራ አንድ ብርድ ልብስ ነው። "ዕቃው ይቅር፣ አንቺ ከነልጆችሽ ሂጂ" ሲሏት "የሰው አደራ ሜዳ ላይ ጥዬ የት ነው የምሄደው?" ብላ ዕቃው ላይ ቁጭ አለች። አውቶቡሱ እስከ መቼ ይጠብቃት? ሄደ። ቀኑን ሙሉ ስትከራከር ውላ ልጆቹን ይዛ በሚኒባስ ተመለሰች።

ልጅቷ ደግሞ ለክፍል ጓደኞቿ ሁሉ "ጎማው ላይ ልወጣ ነው" ብላ አውርታ ጨርሳለች። መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ሲከፈት ስም ወጣላት፤ "የኬላ ደርሶ መልስ" ይሏት ጀመር። መንገድ ላይ ያዩአት ልጆች "ቲኬትሽን አሳይን!" እያሉ ይጮኻሉ። ታግሣ ታግሣ አንድ ቀን ቦርሳዋን መሬት ላይ ወረወረችና "አዎዌ፣ ሌላ ትምህርት ቤት አስገባኝ" አለችኝ። እኛ ሶማሌዎች አያትን አዎዌ ነው የምንለው። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ያኔ ማልኩ። "ወላሂ፣ በሚመጣው ክረምት ራሴ እወስድሻለሁ። አደራ የሚባል ነገር ደግሞ ከዚህ ቤት አይወጣም!"

ባለቤቴ ከጓዳ ሰምታ ሳቀች። "አንተ ነህ ለሰፈሩ ሁሉ እምቢ የምትለው?"

"እኔ ነኝ። ምነው፣ አልችልም?"

"ኧረ ትችላለህ። አርባ ዓመት አይቼዋለሁ።"

በጋውን በሙሉ አውበሬ ድንጋይ ስጠርብ ከረምኩ። ሰኔ ላይ ተመልሼ ለሦስቱም ከገበያ አዲስ ልብስና አዲስ ጫማ ገዛሁ። ከዚያ አንድ ቀን ከመስጊድ ስመለስ ምን አየሁ? ሦስቱ ልጆች አዲሱን ጫማ አድርገው ግቢው ውስጥ ጠጠር ላይ ይዞራሉ። ባለቤቴ በርጩማ ላይ ተቀምጣ "ጠንከር አድርጋችሁ ርገጡ! ተረከዛችሁን ጎትቱ!" ትላቸዋለች። አዲሱ ልብስ ገመድ ላይ ተሰጥቷል፤ ውሃው ይንጠባጠባል።

"ምን እየሆነ ነው?" አልኩ።

"ጫማ እያስረጀን ነው። ልብሱ ይሄ ሦስተኛ እጥበቱ ነው። አዲስ ሆኖ ካዩት ለንግድ ነው ብለው ይይዙብናል። ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው።"

"ሰው ሁሉ ያድርግ! ለአንድ ልጅ አንድ ልብስና አንድ ጫማ ምን ንግድ አለው? ላቤን አፍስሼ የገዛሁትን እንደ ሌባ ላሳልፈው ነው? አውልቁ!"

ከመንታዎቹ አንዱ አላወልቅም ብሎ አለቀሰ፤ ጠጠሩን መርገጥ ወዶት ነበር። ቀዩ ሸሚዝ ነጩን ሸሚዝ አቅልቶት ሁለቱም አንድ ዓይነት ቀለም ሆነዋል። ለመንታ ጥሩ ነው ብዬ ተውኩት።

ልጅቷ የራሷ ዝግጅት ነበራት። ግቢያችን ያለው ግራር ላይ ገመድ አስረን ነበር። መንታዎቹን በየተራ ታስቀምጣቸውና ገመዱን ጠምዝዛ ትለቀዋለች። እነሱ ሲሽከረከሩ እሷ እንደ አስተማሪ ቆማ "ማስመለስ የለም! ጎማው ላይ የሚያስመልስ ይወርዳል!" ትላለች።

እኔን ደግሞ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። "የዚያ ጎማ መሠረቱ ስንት ሜትር ወርዷል?" አልኳት።

"እኔ ምን አውቃለሁ፣ አዎዌ?"

"የምትወጪበትን ነገር መሠረት ሳታውቂ ነው የምትወጪው?"

"ስትደርስ ጠይቃቸዋ!"

"እጠይቃቸዋለሁ። ቆፍረው ካላሳዩኝ አላምንም።"

ልንሄድ ሁለት ሳምንት ሲቀረን ወሬው ተሰማ። እኔም ወንበሬን አውጥቼ በሩ ላይ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የመጣችው ማዶ ያለችው ባለሱቋ ናት፤ ብርድ ልብስ ታቅፋለች።

"አንድ ብቻ ናት። ለወንድሜ።"

"አዲስ አበባ ብርድ ልብስ አይሸጥም?"

"ይሸጣል፤ ውድ ነው እንጂ።"

"እንግዲያው ይብረደው።"

"አንተ ሰውዬ፣ ልብህ ድንጋይ ነው!"

"ድንጋይ ነው ያኖረኝ" አልኳት።

ቀጥሎ መምህሩ መጣ። ከጎጃም ተመድቦ የመጣ ትሑት ልጅ ነው፣ ሁለት ቤት አልፎ ይኖራል። ቡናማ የቆዳ ጃኬት ይዟል። "አባባ፣ ይሄን በእጅዎ አይያዙት። ለብሰውት ይሂዱና እዚያ ሲደርሱ ለወንድሜ ያወልቁለት።"

"ዛሬ ያንተን ጃኬት፣ ነገ የሌላውን። አዲስ አበባ ደርሼ እንደ ሽንኩርት ልላጥ?"

ከጀርባችን ያሉት ሽማግሌ ደግሞ ሦስት ጣሳ የዱቄት ወተት ይዘው መጡ። ለእሳቸው ቆሜ ነው እምቢ ያልኩት፤ በዕድሜ ይበልጡኛል። ለአንዱ ተቀብዬ ሌላውን ብመልስ ጠብ ነው፣ ስለዚህ ሁሉንም መለስኩ። ያኔ ሰፈሩ አፉን ከፈተብኝ። "ነፋስ ጭኖ ሊሄድ ነው" አሉ። "ሻንጣው ውስጥ የሚተኛው እሱ ራሱ ነው" አሉ። እኔ ግድ የለኝም። ባለቤቴ ግን ከገበያ በተመለሰች ቁጥር ፊቷ ይጠቁራል። "ሰላምታዬን የሚመልስልኝ ሰው ጠፋ" ትለኛለች። ይሄኛው ከበደኝ። ግን ልጅቷን ሳያት ወደ ወንበሬ እመለሳለሁ።

ከዚያ ለሦስት ቀናት ማንም አልመጣም። አሸነፍኩ አልኩ። የዋህ ነበርኩ።

በማግስቱ ልንሄድ ስንል፣ ዋዜማው ከሰዓት በኋላ አንድ ጋሪ በራችን ላይ ቆመ። ታላቅ እህቴ ነች፤ ከአህያዋ የሚበልጥ ሻንጣ ጭናለች። እናታችን ስትሞት እኔ አራት ዓመቴ ነበር፤ አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። በሕይወቴ እምቢ ያላልኳት ሰው ብትኖር እሷ ብቻ ናት፣ ሰፈሩም ይህን ያውቃል። አዲስ አበባ የምናርፈውም ሴት ልጇ ቤት ነው። ልጇ ወልዳ ገና አርባ ቀኗ ነበር።

"የልጅ ልጄ ልብስ ነው፤ ታደርስልኛለህ" አለች።

ሻንጣውን ላነሳው ሞከርኩ፤ ከመሬት አልላቀቅ አለኝ። "አባዮ" አልኳት፤ እህቴ ማለት ነው። "ይሄ ሕፃን ስንት ኪሎ ነው?"

"ሕፃን ብዙ ልብስ ይፈልጋል፣ አንተ ልጅ። ዝም ብለህ ጫን!" በስልሳ አንድ ዓመቴም አንተ ልጅ ነው የምትለኝ።

ዞር ስል አጥራችን ላይ ሰው ተደርድሯል። ባለሱቋ አለች፣ መምህሩ አለ፣ ሽማግሌው አሉ። ሁሉም የሚያልፍበት መንገድ ያን ሰዓት በእኛ በር ሆነ! የቤቱ ደጃፍ ላይ ደግሞ ልጅቷ ቆማለች። ሻንጣውን ብቻ ነው የምታየው። ብቀበል ነገ ኬላው ላይ ያው ታሪክ ሊደገም ነው። ብመልስ እንደ እናቴ የማያትን ሴት በሰው ፊት ላዋርድ ነው።

"ክፈቺው፣ አባዮ" አልኩ።

"አታምነኝም?"

"አንቺን አምናለሁ። ሻንጣውን ነው የማላምነው።"

ምንጣፍ አነጠፍኩ። ከላይ የሕፃን ሸሚዞች፣ ኮፍያና አንሶላ ወጡ። ደህና። ከሥር ግን ብርድ ልብስ ወጣ፤ ሁለት ሰው የሚያለብስ። ከፍ አድርጌ አሳየሁ። "ማሻአላህ፣ በአርባ ቀኑ እንዲህ አደገ?" አጥሩ ላይ ያሉት ሳቅ ጀመሩ። ቀጥሎ ቡናማው የቆዳ ጃኬት ወጣ። መምህሩ አንገቱን ቀና አድርጎ ደመና ይቆጥራል። ቀጥሎ የዱቄት ወተቱ፣ አንድ ጣሳ፣ ሁለት ጣሳ፣ ሦስት ጣሳ። እኔ የመለስኳቸው ሁሉ እህቴ ቤት ሄደዋል ማለት ነው!

"ባለቤት ያለው ይምጣና ይውሰድ!" ብዬ ጮህኩ።

"እኔ ለእሷ ሰጠሁ እንጂ ላንተ መቼ ሰጠሁ?" አለች ባለሱቋ። ያን ጊዜ ሰፈሩ በሙሉ በሳቅ ፈነዳ። ሽማግሌው ራሳቸው በትራቸውን ተደግፈው እንባቸውን ይጠርጋሉ። እህቴም በሻርፗ አፏን ይዛ ትስቃለች።

"ምን ላድርግ?" አለችኝ። "አንተ እምቢ ስትላቸው ወደ እኔ መጡ። እኔ እንዳንተ እምቢ ማለት አላውቅበትም።"

ሁሉም የየራሱን አነሳ። ምንጣፉ ላይ የቀረው የሕፃኑ ልብስ በአንድ ፌስታል የሚገባ ነው።

"ይሄ ይሄዳል" አልኩ። "እኔ ግን አልይዘውም። ራስሽ ትይዢዋለሽ።"

"እኔ? ወዴት?"

"አዲስ አበባ። ከእኛ ጋር።"

"አበድክ? በዚህ ዕድሜዬ የልጆች መጫወቻ ሄጄ ምን ልሠራ?"

"መጀመሪያ የልጅ ልጅሽን ታቅፊያለሽ። ከዚያ ጎማው ላይ እናወጣሻለን።"

"አላህ ያድነኝ!" አለች። ልጇን ካየቻት ሰባት ዓመት ሆኗታል። ዓይኗ ሲሞላ አይቼ ፊቴን አዞርኩ። የልጅ ልጄ ሮጣ መጥታ እጇን ያዘቻት። "ነይ! ማስመለስ የለም እንጂ ሌላው ቀላል ነው" አለቻት።

ለእህቴ ቲኬት ለማግኘት መምህሩ ራሱ አብሮኝ ሄደ፤ ከቲኬት ሻጩ ጋር ይተዋወቃል። አንድ ወንበር ተርፎ ነበር፣ ከኋላ። ስንመለስ ባለሱቋ እህቴ ትከሻ ላይ አዲስ ሻርፕ ጣል አድርጋ አገኘናት። ገና አፌን ሳልከፍት "ዝም በል፣ ይሄ አደራ አይደለም፣ ስጦታ ነው!" አለችኝ። ባለቤቴን ያን ቀን ሁሉም ሰላም አላት። "ያንተ ግትርነት አንድ ቀን ይጠቅመናል ብዬ አስቤ አላውቅም" ብላ እየሳቀች ሻንጣችንን ዘጋች። ለስድስት ሰው አንድ ሻንጣና አንድ ፌስታል።

በማግስቱ ጠዋት አውቶቡሱ ኬላው ላይ ሲቆም የመጀመሪያው ወራጅ እኔ ነበርኩ። ሻንጣዬን አውርጄ መሬት ላይ ከፈትኩት።

"አባባ፣ ይቆዩ እንጂ፣ ገና አልጠራንዎትም" አለኝ ፈታሹ።

"ለምን ትደክማለህ? እየው።"

ጎንበስ ብሎ አየ። "ጫማው አዲስ ነው።"

"አዎ፣ አዲስ ነው። ባለቤቶቹ መስኮቱ ላይ ናቸው።"

ቀና ብሎ ሦስቱን ፊት አየ። "ወዴት ናችሁ?"

"ልንጫወት ነው።"

"እርስዎም?"

"እኔም!"

ሳቀ፣ ይዝጉት አለኝ። ዘግቼ ጫንኩና ገባሁ፤ ግን አልተቀመጥኩም። የኬላው ገመድ ወርዶ አውቶቡሱ የካራማራን ዳገት እስኪይዝ ድረስ መሃል መተላለፊያው ላይ ቆሜ፣ ለማያውቁኝ ተሳፋሪዎች ሁሉ "አልፈናል! አልፈናል!" እያልኩ ጮህኩ።