የመምሬ ጭራና የእኔ ደጋን

ባለፈው ሳምንት አንድ ተማሪዬ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቅኖ፣ «ጋሼ፣ ለልምምድ የሚሆን፣ ኪስ የማይጎዳ ደጋን ከእነዚህ የትኛው ነው?» አለኝ። የደብል ቤዝ ደጋኖች ስልኩ ላይ ተደርድረዋል፤ የእንጨት አለ፣ የፋይበር አለ፣ ነጭ ጭራ ያለው፣ ጥቁር ጭራ ያለው። መነጽሬን ሳላደርግ ሳቄ መጣ። ልጁ በእሱ የሳቅሁ መስሎት ፊቱ ተለዋወጠ። «በአንተ አይደለም ልጄ» አልኩት። እውነቴን ነው፤ እኔም በእሱ ዕድሜ ሳለሁ ርካሽ ደጋን ፍለጋ የፎገራን ጭቃ በጉልበቴ ለክቼዋለሁ።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። አዲስ አበባ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ሁለተኛ ዓመት ነኝ፤ መሣሪያዬ ደብል ቤዝ፣ ያ ከሰው ቁመት የሚበልጠው፣ ቆመው የሚጫወቱት የቫዮሊን ታላቅ ወንድም። በጣት ስመታው ማን ችሎኝ! ደጋን ስይዝ ግን፣ ምን ልበላችሁ፣ ዘይት የጠማው የበር ማጠፊያ ነበር የሚመስለው። በደጋኑ ፈተና ወደቅሁ። መምህሬ አዝነውልኝ፣ «ክረምቱን ተለማመድና መስከረም ላይ ትደግማለህ» ብለው ከዕቃ ቤት አንድ አሮጌ ደብል ቤዝ አዋሱኝ። ደጋን ግን ለትምህርት ቤቱም አልበቃው፤ «እሱን እንደምንም ራስህ ፈልግ» አሉኝ። መስከረም ላይ ከወደቅሁ ቦታዬ ለሌላ ይሰጣል። አባዬም የራሱን ፍርድ አስቀድሞ ሰጥቶ ነበር፦ «ከወደቅህ እዚሁ መጥተህ ግብርና ትማራለህ።»

«እዚሁ» ያለው ወረታን ነው። አባዬ የሩዝ ባለሙያ ነበርና ከአዲስ አበባ ወደዚያ ተዛውሮ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖር ነበር። ደብል ቤዙን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጭኜ፣ በየኬላው ነፍሴ ስትወጣና ስትገባ ደረስኩ። የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገድ መገንጠያው ላይ ደብል ቤዙን ያወረደው ወዛደር የመሣሪያውን ሆድ በጣቱ አንኳኳና፣ «ጎታ ነው? ስንት ኩንታል ይይዛል?» አለኝ። ወረታ ያኔ ባጃጅ አላየችም፤ ጭቃ፣ የጭነት መኪና፣ የበቆሎ ጥብስ ሽታ ነበረች።

ደጋን ፍለጋው ተጀመረ። ባሕር ዳር አንድ ሱቅ ውስጥ አንድ ደጋን አገኘን። አባዬ ዋጋውን ሲሰማ ዕቃውን እንደ ጋለ ብረት መልሶ አስቀመጠው። «በዚህ ዋጋማ ወይፈን እገዛበታለሁ!» አለ። ይፋግ ገበያ ያገኘነው አዝማሪ ደግሞ ደግ ሰው ነበር፤ የማሲንቆውን ደጋን ያለ ምንም ነገር አዋሰኝ። ግን ምን ያደርጋል? የሠርግ ወጥ በሻይ ማንኪያ እንደ ማማሰል ሆነብኝ። ሐምሌ ገባ፣ ዝናቡ ያለ ፋታ ይወርዳል፣ እኔ ጣሪያ ጣሪያ እያየሁ ግብርና ይታየኛል።

በአንድ የገበያ ቀን አያ ቢያድግልኝ መጣ። የቁሐር ሚካኤል ገበሬ ነው፤ ከአባዬ ጋር በሩዝ ዘር ተዋውቀው ወዳጅ ሆነዋል። ሞፈርና ቀንበር ራሱ ጠርቦ የሚሠራ፣ በከብቶቹ የሚመካ፣ ሳቅ የማያልቅበት ሰው። ነገሩን ሲሰማ፣ «እና ለዚህ ነው የምትተክዝ? እንጨት እጠርባለሁ፣ ጭራ እወጥርበታለሁ፣ አለቀ!» አለኝ።

«የፈረስ ጭራ ነው አያ» አልኩት።

«የፎገራ ላም ጭራ እያለ የፈረስ ምን ይሠራልሃል? በል ይኼን ግንድህን ይዘህ ትመጣለህ። ቀንበር በበሬው ጫንቃ ነው የሚለካ።»

በቀጠሮው ቀን ሦስት ጎረቤቶቹን አስከትሎ ከቃሬዛ ጋር ከች አለ። ሜዳው ውሃ ተኝቶበታል፤ በሌላ ነገር ማለፍ አይቻልም። ደብል ቤዙን ቃሬዛው ላይ አጋድመን፣ ዝናብ እንዳይነካው ጋቢ አልብሰን አራት ሆነው ተሸከሙት። እኔ ጫማዬን አንጠልጥዬ ከኋላ። ገና ከከተማው ብዙ ሳንርቅ፣ ሩዝ ሲያርሙ የነበሩ ሁለት ሰዎች ከማሳቸው እየተንቦጫረቁ መጡና አንድ ቃል ሳይናገሩ ትከሻ ተቀበሉ። አገሩ ነው፤ ቃሬዛ ሲያልፍ ያየ ሰው መጀመሪያ ይሸከማል፣ የታመመው ማን እንደሆነ የሚጠይቀው በኋላ ነው። ወዲያው ሌሎች መጡ። አንዲት ሴት ነጠላዋን አደግድጋ፣ «ወይኔ! የማን ልጅ ነው?» እያለች ተከተለችን።

«አያ፣ ኧረ ንገራቸው!» አልኩት በሹክሹክታ።

«ዝም በል» አለኝ ትከሻውን እያሻሸ። «እኔ እፎይ ብያለሁ።»

እንዲህ ሆነን ቁሐር ስንደርስ ሰልፉ ለቅሶ ቤት የሚሄድ ይመስል ነበር። ወሬውም ቀድሞን ኖሮ፣ መምሬ አስረስ፣ የአያ ቢያድግልኝ የንስሐ አባት፣ መስቀላቸውንና ጠበላቸውን ይዘው እየሮጡ ደረሱ። ቃሬዛው ቀስ ተደርጎ ወረደ። «ገለጥ አድርጉልኝ» አሉ። መሬት ብትከፈት በገባሁ ነበር! ጋቢውን ገፈፍኩት። መምሬ ደብል ቤዙን ከላይ እስከ ታች አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ከዚያ፣ «ጠበሉን የት ላይ ላድርገው?» አሉ።

የተነሣው ሳቅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ሊቆጡ ይችሉ ነበር እኮ! ሥራ ፈትተው፣ ጭቃ ለብሰው፣ እንጨት ተሸክመው መምጣታቸው ነው። አንዱ ብቻ እንባውን እየጠረገ፣ «ይሁን፤ እንግዲህ ተሸክመነዋል። ይናገር!» አለ። ማንም ወደ ሥራው የሚመለስ አልተገኘም።

አያ ቢያድግልኝ ደጋኑን ከቤት ይዞ በኩራት ወጣ። ዱላው የወይራ፣ በእሳት የተቃና፣ ክብደቱ ለጠብም ይሆናል። ጭራው ግን ጥቁርና ነጭ፣ እጥር ያለ፤ ስላልደረሰለት መሐል ላይ ቋጥሮ ቀጥሎታል። ጭራው ክሩን እንዲይዝ ሙጫ ቀባሁትና ሳብኩት። ሽው… ገጭ። ደግሜ ሳብኩት። ሽው… ገጭ። ቋጠሮው ክሩ ላይ በደረሰ ቁጥር ይዘላል፣ የቀረው ደግሞ ነፋስ ነው። ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ ይጠብቃል።

በዚህ መሐል የአያ ቢያድግልኝ ሚስት እትዬ ጥሩነሽ ቀሚሷ ወተት በወተት ሆኖ ከበረት ወጣች። «የወርቂትን ጭራ የቆረጠ እጁ ይቆረጥ! ዝንቡ ሲበላት፣ የምትከላከልበት አጥታ ረግጣ ደፋችብኝ!» ከዚያ ዓይኗ ደጋኑ ላይ ዐረፈ። ሰው ሁሉ አያ ቢያድግልኝን አየ። እሱም ሰማይ ሰማዩን እያየ፣ «ለተማሪ ነው እኮ» አለ።

ሁሉም ይስቃል፤ እኔ ግን እንባዬ ቀረበ። ፈረስ ያለው ደጋ ነው፣ በደብረ ታቦር በኩል፤ በዚያ ዝናብ ማን ሄዶ ያመጣል? አለቀልኝ አልኩ። ፊቴን አይተው ነው መሰል፣ መምሬ አስረስ ሲያራግቡት የነበረውን የዝንብ ጭራቸውን አቆሙ። ረጅም፣ ነጭ፣ ከደጋ ዘመድ የመጣላቸው የፈረስ ጭራ ነው፤ ያለ እሱ ታይተው አያውቁም። አገላብጠው አዩትና ዘረጉልኝ።

«ኧረ አባ፣ አይሆንም! እርስዎስ በምን…»

«ዝንብ እንደሆነ ጭራ ይዤም አልተወኝ» አሉ። «ያንተ ግን መስከረም ነው። እንካ።»

እትዬ ጥሩነሽ፣ ያችው ስትራገም የነበረችው፣ ጭራውን በእጇ አበጠረችው፤ ባሏ ወጠረው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሙጫውን ቀብቼ ወፍራሙን ክር ሳብኩ። ድምፁ ወጣ! ከሆዴ ውስጥ የወጣ መሰለኝ፤ ወፍራም፣ ረጅም፣ የማይቆራረጥ። ወርቂት ከበረት እምቧ ብላ መለሰችለት። ሰው በሳቅ ሊፈነዳ ሲል መምሬ እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኙት። «ዘፈን ነው ልል ነበር፤ በዚህስ የሚጨፍር የለም። እስቲ ድገመው» አሉኝ። ደገምኩት። ምሽቱን የሩዝ እንጀራ በሽሮ በላን፣ እኔም ስደግምላቸው አመሸሁ።

ከዚያ ወዲያ ወረታ ላይ ብቻዬን የተለማመድኩበት ጊዜ የለም ማለት እችላለሁ። ገበያ የሚመጣ የቁሐር ሰው ሁሉ የአባዬን በር ሳያንኳኳ አያልፍም። «በሽተኛው እንዴት አደረ?» ይላሉ፣ እሸት በቆሎ አቀብለውኝ እግራቸውን እያደረቁ ይሰሙኛል። ምን ሙዚቃ ነበረኝ! ያው መልመጃ፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች። እነሱ ግን፣ «ካለፈው ዛሬ ሻል ብሎታል» ወይም፣ «ዛሬ ጉሮሮውን ያዘው» ይሉኛል፤ በሚቀጥለው ገበያ እንዳላፍር ሌሎቹን ቀናት ስፍጨረጨር እውላለሁ።

መስከረም ደረሰ። ፈተናው ክፍል መምህሬ የትምህርት ቤቱን ደጋን አቀበሉኝ፤ እንደ ገለባ ቀለለኝ። «በራሴ ደጋን ልጫወት?» አልኳቸው። የወይራውን ዱላ አይተው ቅንድባቸውን ከፍ አደረጉ፣ ግን አልከለከሉኝም። ዓይኔን ጨፍኜ ሳብኩ። ስጨርስ፣ «ክረምቱን ለማን ስትጫወት ከረምህ?» አሉኝ፤ «የምትጫወተው ለሚሰማህ ሰው እንጂ ለፈተና አይመስልም።» አለፍኩ! ወደ ቴሌ ሮጬ ለአባዬ ደወልኩ። «ሰው ሁሉ እየጠየቀኝ ነው፤ ምን ልበላቸው?» አለኝ። «ድኗል በላቸው!» ብዬ ጮኽኩ፤ ተራ የሚጠብቁት ሁሉ «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ።

ዕድሜዬን ሙሉ ስለ ደጋን ስጠየቅ ስለ እንጨቱ፣ ስለ ክብደቱ፣ ስለ ጭራው አስረዳለሁ፤ ሁሉም ልክ ነው። ለተማሪዬም ከደረደራቸው መሐል ለኪሱም ለእጁም የሚስማማውን አንዱን አሳየሁት። ሊሄድ ሲነሣ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ።

«ስትለማመድ ማን ይሰማሃል?» አልኩት።

«ማንም ጋሼ። በር ዘግቼ ነው፤ ሰው እንዳልረብሽ።»

«እንግዲያው ደጋኑን እንደገዛህ እኔ ቤት ይዘኸው ና» አልኩት። «በሩን ከፍተን እንቀመጣለን።»