አጎቴ ቅሬ የገባበት ዓመት

አጎቴ ታዋቂ ሰው ነበር። ይህን የምጽፈው ለመኩራት አይደለም። ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ወዲህ ዶርማችን ውስጥ ሙዚቃው በተከፈተ ቁጥር ልጆቹ ስለ አሟሟቱ የሚያወሩት ብዙው ነገር፣ ሰው አጥቶ ሞተ የሚሉትም፣ ልክ ስላልሆነ ነው። ያየሁትን እንዳየሁት እጽፋለሁ፤ ያላየሁትን ደግሞ እናቴ እንደነገረችኝ።

የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ደሴ ተወልዶ አደገ። በአሥራ ሰባት ዓመቱ ትምህርቱን ጥሎ፣ ከተማችን ለዝግጅት ከመጣ የሙዚቃ ቡድን ጋር አዲስ አበባ ሄደ። ያን ጊዜ የኤሌክትሪክ ጊታር እያስጮኸ ሮክ በአማርኛ የሚዘፍን ሰው ብዙ አልነበረም። አንድ ካሴቱ አገር ምድሩን አዳረሰ። ሰኞ ገበያ የካሴት ሱቆች በር ላይ ፎቶው ተለጥፎ ነበር፤ ትንሽ ልጅ ሆኜ ከእናቴ ጋር በዚያ ሳልፍ «ያውልሽ አጎትሽ» ትለኛለች። እኔ ከዚያ ፎቶ ሌላ አጎት አላውቅም ነበር።

ከካሴቱ በኋላ ያለው ዘመኑ ጥሩ አልነበረም። መጠጥ ነበረ፣ ጫት ነበረ፣ ከጓደኞቹ ጋር መጣላት ነበረ። ትዳሩ ፈረሰ። አንድ ጊዜ መድረክ ላይ ወጥቶ፣ ሁለት ዘፈን ተጫውቶ፣ ጊታሩን ወለሉ ላይ አስቀምጦ በጓሮ በር ሄደ ሲባል ሰምቻለሁ። ይህን ሁሉ የእኛ ሰፈር ሰው ይቅር ይል ነበር መሰለኝ። ይቅር ያላለው አንድ ነገር ነው፤ አያቴ ስትሞት አጎቴ ለቀብሯ አልመጣም።

ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ እናቴ አዲስ አበባ ሄዳ በአውቶቡስ ይዛው መጣች። ጉበቱን ታሞ ነበር። ገና አርባ ያልሞላው ሰው ከአውቶቡሱ ሲወርድ የበሩን ብረት በሁለት እጁ ይዞ ነው። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በሚኒባስ እያመላለሰች አሳከመችው። አንድ ቀን ሐኪሙ እሷን ለብቻዋ አነጋገራት። ምን እንዳላት አልነገረችንም፤ በማግሥቱ ግን ወደ ቅሬው ዳኛ ቤት ሄደች።

ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው። ሰው ሲሞት የሚያነሳ፣ የሚቀብር፣ ሐዘንተኛውን የሚያስተዛዝን የሰፈር ማኅበር ነው፤ መሪውን ዳኛ እንለዋለን። የእኛ ቅሬ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ነው። ደንቡ ቀላል ነው፤ በሌላው ቀብር ያልቆመ ለእሱም አይቆሙለትም። አዲስ የገባ ሰው ደግሞ ዓመት እስኪሞላው ድረስ ቅሬው ሊቀብረው ግዴታ የለበትም።

«ስምህን አስመዝግቤያለሁ» አለችው ስትመለስ።

«የት?»

«ቅሬ።»

ሳቀ። «እትዬ፣ እኔን እኮ አገር ያውቀኛል።»

«አገር ያውቅህ። ሰፈር ካላወቀህ ማን ያነሳሃል?»

«አገሩ ያነሳኛላ።»

«አገሩ ቃሬዛ የለውም» አለች።

መሳቁን ተወ። በዚያው ሳምንት የሰፈራችን አንድ ሸማኔ ሲሞቱ የአባቴን ጋቢ ለብሶ፣ በዱላ እየተደገፈ ቀብር ወጣ። ከዚያ በኋላ አልቀረም። የእስላምም ሆነ የክርስቲያን፣ ቆመህ ሸኝ በተባለበት ሁሉ ቆመ።

ችግሩ የመጣው ኮምቦልቻ ነው። የቅሬያችን አባል የነበሩ አንድ አዛውንት እዚያ ልጃቸው ቤት አረፉ፤ እኛም በሁለት ሚኒባስ የሐረጎን ቁልቁለት ወረድን። ጀናዛው ከግቢ ሲወጣ እኔና እናቴ በሩ ላይ ሆነን እናያለን። አጎቴ ጥቂት እርምጃ ብቻ ልሸከም ብሎ ትከሻውን ከቃሬዛው በግራ በኩል ሰጠ። ያኔ መንገድ ዳር የነበሩ ወጣቶች አወቁት። አንዱ ስሙን ሹክ አለ፤ ሌላው ተቀበለ። ከእሱ ጎን ለመሸከም ሁሉም በግራ በኩል ተጋፋ። በቀኝ ያሉት ሳይቀሩ እየለቀቁ ዞረው መጡ። ቃሬዛው ወደ ቀኝ አዘነበለ።

«ቀኙን! ቀኙን ያዙ!» አሉ አንድ ሽማግሌ።

አልወደቀም፤ ሰው ደረሰ። ነገር ግን የሟች ልጅ ዞሮ አጎቴን ያየበትን አስተያየት አልረሳውም። አጎቴ ከሰልፉ ወጥቶ አጥር ተደግፎ ቆመ። ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ማንም አላናገረውም።

እሑድ የቅሬው ዳኛ ቤታችን መጡ። ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሾፌር ናቸው፤ ክርስቲያን ናቸው፤ አያቴን ያነሱትም እሳቸው ነበሩ። እናቴ ሊሰርዙት እንደመጡ ስላሰበች ወንበር እያቀረበች ቀደመቻቸው።

«አባባ፣ እሱ ምን አጠፋ? ልጆቹ ናቸው እኮ» አለች።

«ቆይ እስኪ ልጄ፣ ልቀመጥ።» ተቀመጡ። ወደ አጎቴ ዞሩ። «ስማ፣ አንተ ቀብር ላይ ከወጣህ ሰው ሟቹን ትቶ አንተን ያያል። ይህ ነውር ነው።»

«ያውቃሉ አባባ፣ እኔ ፈልጌ አይደለም።»

«አውቃለሁ። ስለዚህ ሰው የማያይህ ቦታ ተገኝቶልሃል። ከድንኳኑ ጀርባ። ሽንኩርት ትልጣለህ።»

«ሽንኩርት?»

«ሥጋው የእስላም የክርስቲያን አለው። ሽንኩርት ግን ሃይማኖት የለውም፤ የሁሉንም ትልጣለህ። ቁጭ ብለህ ስለሆነ ለጤናህም ይሻላል።»

አጎቴ እጆቹን አገላብጦ አየ። ቅር ያለው መስሎኝ ነበር። «ቢላውን ማን ነው የሚያመጣው?» ሲል ግን እናቴ ተነፈሰች።

እኔ ከእናቴ ጋር ለሥራ ስለምሄድ ከድንኳኑ ጀርባ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። ሴቶቹ መጀመሪያ ላይ ራቅ አሉት፤ በኋላ ያሾፉበት ጀመር።

«ጣቱን እዩት ሲፈጥን፣ ወላሂ ከእኛ ይበልጣል።»

«ሃያ ዓመት የጊታር ክር ላይ የሠራ ጣት ነው» ይላል እሱ።

አንዲት አሮጊት ግን አይስቁም ነበር። የአያቴ ባልንጀራ ናቸው። አንድ ቀን ሰው ሁሉ በሰማበት «እናትህ ስትሞት ይሄ እጅህ የት ነበር?» አሉት።

አጎቴ ቢላውን አስቀመጠ። ምክንያት የሚያቀርብ መስሎኝ ነበር፤ መኪና አጣሁ፣ ዘግይቼ ሰማሁ ይላል ብዬ ጠበቅሁ።

«ሰክሮ ነበር፣ እማማ» አለ። «አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ።»

አሮጊቷ ሌላ ጆንያ ሽንኩርት በእግራቸው ገፋ አድርገው ወደ እሱ አስጠጉለት። «በል ይሄንንም ጨርስ» አሉ።

ቅሬ በገባ በስምንተኛው ወር፣ ሐምሌ ላይ፣ አንድ ዝናባማ ጠዋት ሞተ። ዓመቱ አልሞላም። እናቴ ለቅሬው መንገር ፈርታ ደጃፉ ላይ ቆመች። መንገር ግን አላስፈለጋትም፤ ዳኛው ለቅሶውን ሰምተው ድንኳን ካሸከሟቸው ሰዎች ጋር መጡ።

«አባባ፣ አራት ወር ይቀረዋል» አለቻቸው። እንዳታታልላቸው ፈርታ ነበር መሰለኝ።

«ዓመቱ የተባለው ሰውየውን እንድናውቀው ነው» አሉ። «አወቅነው። መቃብሩን የሰፈሩ ልጆች እየቆፈሩ ነው፤ አንቺ የሚያጥቡትን አስጠሪ።»

ከመቃብር ቆፋሪዎቹ የሚበዙት ክርስቲያኖች ነበሩ፤ ጭቃ እንደሆኑ ሲመለሱ አይቻለሁ። የድሮ ጓደኞቹ ከአዲስ አበባ የደወሉት አስከሬኑ ታጥቦ ከተከፈነ በኋላ ነው። እኔ እናቴ አጠገብ ስለነበርሁ ሁሉንም ሰማሁ። ጨዋ ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ ያለቅስ ነበር። አስከሬኑን እስከ ነገ እንድናቆይላቸው ለመኑ። ቴሌቪዥን ይመጣል፣ አርቲስቶች ይመጣሉ፣ ክብሩን የሚመጥን አሸኛኘት ይደረግለታል አሉ። ካልሆነ እኮ እንዲያ ያለ ሰው ሰው የሌለው ይመስላል አሉ።

እናቴ ወደ ግቢው አየች። ሰዎቹ በዝናቡ ውስጥ ቃሬዛውን ይዘው ይጠብቃሉ።

«አላህ ያክብራችሁ፤ ስትመጡ ቤታችን ቤታችሁ ነው» አለች። «ለዛሬው ግን ቀባሪ አለው።»