በገለባ የሸፈንነው ቆርቆሮ

ትናንት የልጅ ልጄ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችና፣ «እምዬ እይው፣ ወረታ የሚከራይ ቤት! ስንቱ ሰው ሼር አድርጎታል መሰለሽ» አለችኝ። አየሁት። ጣራው አዲስ ቆርቆሮ ነው፣ ያብረቀርቃል። በሩ ላይ አንዲት ቀጭን ሴት በነጠላዋ አፏን ሸፍና ትስቃለች። ፊደል ባልቆጥርም ያችን ሴትዮ እንዴት እስታታለሁ? እኔው ነኝ! ጥርሴ ሙሉ በነበረ ጊዜ። ምን ቆርጦኝ እንደሸፈንኩት እንጃ፣ ያኔ ነበር ማሳየት።

በኢሕአዴግ ጊዜ፣ መጨረሻው ግድም ነው። በልጅነቷ የተዳረች ሴት ቶሎ አያት ትሆናለችና አትገረሙ። እኔና ባሌ አበጀ ከገጠር፣ ከቁሐር ሚካኤል ወረታ መጣን። እዚያ ክረምት በገባ ቁጥር ውሃው አልጋችን ድረስ እየመጣ ይጠይቀን ነበር። ላማችንን ሸጠን ከከተማው ዳር ከአንድ ገበሬ ቦታ ገዛን። ሁለት ክፍል ሠራን፤ አንዱ ለእኛ፣ አንዱ ለአስተማሪ ወይ ለመንግሥት ሠራተኛ የሚከራይ። በኪራዩ እንኖራለን ብለን።

ያለ ፈቃድ የተሠራ ቤት ጨረቃ ቤት ይባላል። ሰፈሩ ሁሉ እንዲያ ነበር፣ ወጉንም ሁሉም ያውቃል። ቆርቆሮው እንደተመታ ላዩ ላይ የሩዝ ገለባ ይበተናል። አዲስ ጣራ ከመንገድ ያበራል፣ አፍራሽ ይጠራል። ቆርቆሮው እስኪደበዝዝ ገለባው አይነሳም።

የአበጀ ታናሽ ወንድም ጌታነህ ደላላ ነው። መናኸሪያ ተገትሮ ተከራይ ሲጠብቅ የሚውለው ልጅ አንድ ቀን ስልክ ገዝቶ መጣ። ሩዙ ታጭዶ ሜዳው ቢጫ ሆኖ፣ እኛም ደጅ ቁጭ ብለን የጓያ እሸት እንፈለፍላለን።

«እታለም፣ በእግር መዞር ቀረ። ፎቶ አንስቼ ፌስቡክ ላይ እለቀዋለሁ። አንዱ ለአንዱ ይልከዋል፣ ተከራዩ ራሱ እየሮጠ ይመጣል።»

«እየሮጠ ከመጣማ ከአበዳሪው ሸሽቶ ነው፤ አላከራየውም» አልኩት።

«ገለባው ግን ይነሳ። እንዲህ ሆኖ በረት ነው የሚመስል።»

አበጀ አንገራገረ። «ተከራይ ብቻ እንዲያየው ማድረግ አይቻልም?»

ጌታነህ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ገለባውን አወረድን፤ በሩ ላይ ቆሜ ገና ስስቅ ነው ፎቶ ያነሳኝ።

ኧረ ምኑን ልንገራችሁ! ይፋግ ገበያ የሄደ ጎረቤታችን «ሚስትህን በሰው ስልክ አየኋት» ብሎ አበጀን አሾፈበት። አክስቴ ወንዛዬ ፍል ውሃ ሄዳ፣ አብራት የታጠበች የአዲስ አበባ ሴት ስልኳን ብትከፍት እኔ ብቅ! እኔም ነጠላዬን ማጠብ አበዛሁ።

ሳምንት ሳይሞላ ሰዎች ስልክ ይዘው መጡ። ጎረቤት ሁሉ በሩን ጥርቅም አደረገ። «ይህ ቤት የትኛው ነው?» ይላሉ። እኔ ተከራይ መስለውኝ እጄን እየጠረግሁ ወጣሁ።

«ይኸው ጌቶቼ፣ ግቡ! ሴትዮዋም እኔ ነኝ።»

አንደኛው ስልኩን አየ፣ እኔን አየ። «ፈቃድ አላችሁ?»

ሳቄ ፊቴ ላይ ደረቀ።

በማግስቱ ዶዘር መጣ። አበጀ አልጋውን ብቻ አወጣ። ለመሥራት አንድ በጋ ሙሉ የፈጀብን ቤት፣ ሲፈርስ ሽሮ እስኪበስል አልቆየም። ፍርስራሹ ላይ ቁጭ ብለን የጌታነህ ስልክ ይጮሃል፣ እሱ ያለቅሳል። ነጠቅሁና አነሳሁት። ወረታ የተመደበች አስተማሪ ናት።

«እትዬ፣ ቤቱ ተያዘ?»

«አልተያዘም እህቴ። ነፋሻማ ነው፣ ጣራ ስለሌለው።»

ለማሳቅ ነበር። ማንም አልሳቀ። ዞር ስል አበጀ የተጣመመው ቆርቆሮ ላይ ገለባ ይበትናል። እፍኝ በእፍኝ።

ከዚያ ወዲያ ከሰው ቤት ሰው ቤት ስንዞር ኖርን። አበጀም በሰው ግቢ ሞተ። ለልቅሶው ድንኳን ለመትከል አከራያችንን እግሩ ሥር ወድቄ ነው ያስፈቀድሁት።

«ላጥፋው እምዬ?» አለች ልጅቱ፣ ነግሬያት ስጨርስ።

«አንቺ ብታጠፊው ከሰው ሁሉ ስልክ ማን ያጠፋዋል? ዶዘርም አልቻለው።»

ከፎቶው ሥር የማላውቀው ደላላ ስልክ ቁጥር አለ አለችኝ። ይሄኔ አንዱ ምስኪን ሻንጣውን አንጠልጥሎ ያን ቤት እየፈለገ ይሆናል። ካገኘው ይንገረኝ። አከራዬ ከፋሲካ በፊት ልቀቂ ብሎኛል፣ እኔም ቤት ፈላጊ ነኝ።